ድርጎና አኮፋዳ፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የእንግዳ ታሪክ

አንድ አገር እንግዶቹን የተቀበለበት ሁኔታ ከታሪኩ ምዕራፎች አንዱ ነው። እንግዳው ማን ነው? በማን ፈቃድ መጣ? ማን አበላው፣ ማንስ ጓዙን ተሸከመለት? ሲመለስ ምን ይዞ ሄደ፣ ምንስ ትቶ ሄደ? እነዚህ ቀላል የሚመስሉ ጥያቄዎች ዛሬ ቱሪዝም በተባለው ሥራ ዙሪያ ለሚነሣው ክርክር ሁሉ መሠረት ናቸው። ሩቅ አገርንና የማያውቁትን ሕዝብ ባህል በምቾት፣ በመሪና በአስተርጓሚ እየታገዙ መጎብኘት የዘመናችን ባለጸጎች ከሚወዷቸው መዝናኛዎች አንዱ ሆኗል። ጉዞው በአውሮፕላን ይጀመራል፤ በተመረጡ ሆቴሎች ያርፋል፤ የሚታየውም የማይታየውም አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተጽፎ ያልቃል።

ይሁን እንጂ የባለ ምቾት እንግዳ ጉዞ ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ስሙና ልብሱ ተለወጠ እንጂ የእንዲህ ያለውን እንግዳ ዋጋ ለብዙ ዘመን ሲከፍል የኖረው ገበሬው ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ይኸው ገበሬ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣን፣ ምንም የሌለውን እንግዳ በፈቃዱ ሲያበላ ኖሯል። የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሆኑት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሁለቱንም ዓይነት እንግዳ በሚገባ ያውቃሉ። የአንደኛው ምልክት ድርጎ ነበረ፤ የሁለተኛው ምልክት አኮፋዳ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ይነሣል። ከጉና የሚመነጩት ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርደው ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ ደግሞ በበሽሎ ሸለቆና በሌሎች ገባሮች አድርጎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ላይ ጋይንት ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት ብርዳም ደጋ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ የአየሩን ጠባይ በስሟ ትናገራለች። ታች ጋይንትና ስማዳ በገደል እየተቆራረጡ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። እስቴም ከጉና ግርጌ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘነብላል። ከዓባይ ማዶ ጎጃም፣ ከበሽሎ ማዶ ወሎ ነው።

ይህ አቀማመጥ ለአካባቢው ሁለት ጠባይ ሰጥቶታል። በሰሜን በኩል ያለው የደጋ ትከሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ዋድላ፣ ወደ መቄትና ወደ ላስታ የሚወስድ የነገሥታትና የሠራዊት፣ የነጋዴና የተሳላሚ መተላለፊያ ነው። በጸበሉ የታወቀው የጨጨሆ መድኃኔዓለምም በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል። በደቡብ በኩል ያለው የገደልና የአምባ አገር ግን መንገደኛ የማይደፍረው፣ መጽሐፍና ትምህርት ከጦርነት የሚሸሸጉበት ነበር። እንግዲህ የአካባቢውን የእንግዳ ታሪክ የወሰኑት እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም መንገዱና መሸሸጊያው ናቸው።

የንጉሥ እንግዳ

በቀድሞው ሥርዓት ንጉሡ ወይም ገዢው የፈቀደለት እንግዳ ስንቅ መያዝ አያስፈልገውም ነበር። በደረሰበት ሁሉ እንጀራና ጠላ፣ ማርና ቅቤ፣ ዶሮና ሙክት እንዲቀርብለት ይታዘዛል። ይህ ድርጎ ይባላል። ትእዛዙ የሚመጣው ከላይ ነው፤ የሚሰበስበው ጭቃ ሹሙ ነው፤ ከጎተራው የሚያወጣው ግን ገባሩ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የአውሮፓ መልእክተኞችና ተጓዦች በጻፏቸው መጻሕፍት ስለ ድርጎ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ብዙዎቹ ግን የቀረበላቸውን ምግብ የቈጠሩት በንጉሡ ቸርነት ላይ ነበር። ምግቡ የወጣበት ቤት ስም በመጻሕፍቱ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሆርሙዝድ ራሳም ጉዞ ነው። ይህ የሞሱል ተወላጅ የእንግሊዝ መንግሥት ባለሥልጣን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ተልኮ በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፊት ቀረበ። ከመተማ ጀምሮ ሲጓዝ የንጉሡ ሹማምንት አጅበውታል፤ የአገሩ ገበሬዎችም ጓዙን ከወረዳ ወረዳ እየተቀባበሉ ተሸክመውለታል፤ ድርጎውም አልተጓደለበትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ራሳምና ጓደኞቹ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነሥተው፣ የምሥራቁን ደጋ አቋርጠው መቅደላ ላይ ታሰሩ። በክብር ዘበኛ ታጅቦ የመጣው እንግዳ በእስር ዘበኛ ተከብቦ ሄደ። ለገበሬው ግን የሁለቱ ዘበኞች ልዩነት ይህን ያህል አልነበረም፤ ሁለቱም በያደሩበት የሚበሉት ከእርሱ ጎተራ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ ያለፈው ጓዝ እስከ ዛሬ በሕዝብ ዘንድ ይወሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትንና 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተሠራ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ዛሬ መኪና በጥቂት ሰዓት የሚጨርሰው ርቀት ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የሥራው ታላቅነት አይካድም። ያ ሁሉ ሠራዊት ያለፈበት የበጌምድር ገበሬ የከፈለው ዋጋም እንዲሁ ሊካድ አይገባውም።

ዕቃ ይዞ የሚመለስ እንግዳ

የመቅደላ ጦርነት አዲስ ዓይነት እንግዳ አመጣ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ሲመጣ አብሮት የብሪትሽ ሙዚየም ባልደረባ የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ፤ ሥራውም ለሙዚየሙ የሚሆን ቅርስ መሰብሰብ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ መቅደላ ተዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ከበሽሎ ማዶ ወደ ደላንታ ተወሰደ፤ በዚያም ለሐራጅ ቀረበ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ንጉሡ ቀደም ሲል ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው ነበሩ። በሽሎ የጋይንትና የስማዳ ወሰን ነውና ዘረፋው የተፈጸመው ከእነዚህ አገሮች አፍንጫ ሥር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የጦር ሰው ሥራ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፣ በሰላም ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ሲቈይ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ሥዕሎች አስቀምጦ ሄደ፤ በርካታ የብራና መጻሕፍትንም ወደ ፓሪስ አጋዘ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ስለ አሰባሰቡ ሥራ ያሰፈረው ጽሑፍ በዚያን ጊዜ ጓደኞቹን አስቈጥቷል። ሕዝብን አጠናለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው የሚያጠናውን ሕዝብ ሀብት ይዞ ሲሄድ፣ ጥናት ከዘረፋ የሚለይበት ድንበር ይጠፋል።

ለጋይንት ሰማይም የአውሮፕላን መምጣት በመልካም አልተጀመረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ የበጌምድር ገዢ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው ሲወድቁ፣ በሰማይ ላይ ያንዣበበው አውሮፕላን አስቀድሞ የጥሪ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። የፋሺስት ወረራ ሲመጣ ደግሞ ወራሪው ጦር ገና ያልበረደውን አገር ለጣሊያን ጎብኚ ለማስተዋወቅ ቸኮለ። እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያን የቱሪስት ማኅበር የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱን የሚያስጎበኝ ወፍራም መጽሐፍ ከካርታ ጋር አሳተመ። አርበኛው በየጫካው ሲዋጋ መጽሐፉ መንገዱን፣ ከተማውንና መልክዓ ምድሩን በሰላም አገር ቋንቋ ይዘረዝር ነበር። ከዚህ የምንማረው የጉብኝት መጽሐፍ ከፖለቲካ ውጭ ሆኖ እንደማያውቅ ነው። የሚያሳየውና የሚሸሽገው የጸሐፊውን ወገን ይናገራል።

የቆሎ ተማሪ

በእነዚሁ መቶ ዓመታት ውስጥ ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎና ከሌላም ሥፍራ ወደ ጋይንትና ወደ እስቴ በእግሩ የሚመጣ ሌላ እንግዳ ነበረ። ልብሱ ደበሎ፣ ጓዙ አኮፋዳ፣ መሣሪያውም ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትር ነው። ይህ የቆሎ ተማሪ ነው። የሚመጣበትም ምክንያት የታወቀ ነው፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በትውፊቱ መሠረት በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ይጀምራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት ስልቶች ይከፈላል። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ዜማውን በጽሑፍ ለመያዝ የሚያስችለውን ምልክት እንዳስፋፉ ይነገራል። ዜማው በሚዜምበት ይትበሃል ደግሞ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር የተባሉ ታላላቅ ቤቶች አሉት። ከእነዚህ መካከል ቤተልሔም በጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስ ደግሞ በእስቴ ይገኛሉ። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ይኸውም ድጓን በሌላ ሥፍራ የተማረ ሰው በመምህርነት ለመታወቅ ወደ ቤተልሔም ሄዶ፣ በዚያ መምህር ፊት እውቀቱን አሳይቶ ሊመረቅ ይገባዋል። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባም በዚያው በጋይንት ምድር ነው። ትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ ራሱ በዚያ ሥፍራ እንደተቀመጠ ይናገራል።

እንግዲህ በዘመናዊ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ከሕዝብ ዓይን የራቀ የሚመስለው ይህ የገደል አገር የአንድ ታላቅ የሙዚቃ ሥርዓት ከፍተኛ ተቋማት መቀመጫ ነው። አርቲስቱም መምህሩም ይህንን ነገር ልብ ሊለው ይገባል። ድጓ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያዳርስ ሰፊ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቃሉን፣ ዜማውንና ምልክቱን አንድ በአንድ በቃሉ ያጠናል። ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በቀደመው ጊዜ የሚማርበትን መጽሐፍ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በገዛ እጁ ይገለብጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ዓመት የሚበላው ከየት ነው? ከመንደሩ ነው። ተማሪው በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ባለቤቲቱም ቁራሽ እንጀራ ወይም ቆሎ በአኮፋዳው ታደርግለታለች። ይህንን እንድታደርግ ያዘዛት ጭቃ ሹም የለም። በመሸ ጊዜ የደረሰውን መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው ብሎ እግሩን አጥቦ የሚያሳድረው ባህል ነው ተማሪውንም የሚያበላው። ድርጎ በትእዛዝ የሚወጣ ነበር፤ ቁራሽ ግን በፈቃድ የሚሰጥ ነው። ድርጎ የሚቀርበው ላለው ሰው ነበር፤ ቁራሽ የሚሰጠው ለሌለው ነው።

ከሁሉም በላይ ልዩነቱ የሚታየው በመመለሻው ነው። የድጓ ተማሪ ከጋይንት ሲመለስ ከየትኛውም እንግዳ ይልቅ ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። መላውን ድጓ በልቡ፣ ግልባጩንም በትከሻው ይዞ ነው የሚሄደው። ነገር ግን እርሱ በመውሰዱ ቤተልሔም አልጐደለም። እንዲያውም ወስዶ ሌላ ቦታ ጉባኤ በዘረጋ ቊጥር የቤተልሔም ስም ይበዛል። የመቅደላው እንግዳ መጽሐፉን ሲወስድ መደርደሪያው ባዶ ቀረ፤ የቆሎ ተማሪው ሲወስድ መጽሐፉ ሁለት ሆነ።

«የተገኘችው» ቤተልሔም

እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦክስፎርድ ትምህርቱን የጨረሰ ቶማስ ፓኬናም የተባለ ወጣት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የመጣበትም ምክንያት የነገሥታት ልጆች ይታሰሩባቸው የነበሩትን አምቦች ለመፈለግ ነው። ይህንን ምኞት ያሳደረበት ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው የራሴላስ ታሪክ ነበር። ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፤ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የሎቦን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ሲተረጉም ያገኘውን ወሬ ይዞ ነው ልቦለዱን የጻፈው። ፓኬናም በፍለጋው ላይ ሳለ ጋይንት ደርሶ የቤተልሔምን ቤተ ክርስቲያን አየ። ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ያለው ነው። በውስጡ ግን በጥንታዊው የአክሱም አሠራር የተሠራ ባለአራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ይዟል። ፓኬናም ይህንን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለአውሮፓ አንባቢ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ጽሑፍ ቤተልሔም «የተገኘች» ቤተ ክርስቲያን ተብላ ተጠራች።

የፓኬናም ሥራ ዋጋ አለው። የሕንፃው ጥንታዊነት በሥነ ሕንፃ ታሪክ ውስጥ እንዲመዘገብ ምክንያት ሆኗል። ዕቃ ዘርፎም አልሄደም። ነገር ግን መገኘት የሚለው ቃል መመርመር አለበት። ለመቶ ዓመታት ከኢትዮጵያ ማዕዘናት የድጓ መምህራን ሊመሰክሩ የሚመጡበት ሥፍራ ጠፍቶ አያውቅም። ያልታወቀው ለአውሮፓ ነው። የአካባቢው ሰውም ጥንታዊውን ሕንፃ በሣር ክዳን የሸፈነው ስላላወቀው አልነበረም። ከዝናብና ከውርጭ ጠብቆ እስከዚያች ቀን ያቈየው ያ ክዳን ነው። ቅርስ ጠባቂ የሚባል መሥሪያ ቤት ባልነበረበት ዘመን ጋይንቴው የቅርስ ጥበቃ ሥራ ሠርቷል።

ስለ ራሴላስም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በጆንሰን ልቦለድ መስፍኑ ምቾት ሞልቶ በተትረፈረፈበት፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፤ ሸለቆውን ጥሎ የሚወጣውም ዓለምን ለማወቅ ነው። የዛሬው ባለ ምቾት ጎብኚ አሳዛኝ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። የምቾቱን ሸለቆ በትከሻው ተሸክሞ ይዞራል። ከመኪናው ወደ ሆቴሉ፣ ከሆቴሉ ወደ አውሮፕላኑ ሲሸጋገር ዓለምን በመስኮት ያያታል።

የአየር መንገዱና የመኪናው መንገድ

የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊው አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የዘመን አቈጣጠር መሠረት አድርገው የ13 ወር ፀጋ የሚለውን መፈክር ለዓለም አስተዋወቁ። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው ታሪካዊ የጉብኝት መሥመርም በዚያን ዘመን ተዘረጋ። ሥራው ለአገሪቱ ስም ብዙ ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች፣ የኢትዮጵያ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመትም የፋሲል ግቢ ታከለ።

ይሁን እንጂ መሥመሩ የተዘረጋው በአየር ነበር። ጎብኚው ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ወደ ላሊበላ ሲበር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያልፈው ደጋ ጋይንት ነው። ከላይ ሲታይ የገብስ ማሳና ጥልቅ ሸለቆ ነው፤ የዜማ ቤቱ ከአውሮፕላን መስኮት አይታይም። በእግሩ የሄደ ግን ሌላ ነገር ያያል። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 በቅሎ እየነዳች ከምፅዋ እስከ አዲስ አበባ በተጓዘች ጊዜ ያደረችው ብዙውን ጊዜ በገበሬ ጎጆ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያሳተመችው መጽሐፍም በአብዛኛው የሚናገረው ስላሳደሯት ሰዎች ነው። እንግዳው በምን ዓይነት መንገድ መጣ የሚለው ምን አየ የሚለውን ይወስናል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የጉብኝት ሥራ በመንግሥት እጅ ገባ፤ የውጭ ጎብኚም ከአዲስ አበባ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በዚያው ዘመን ግን ለጋይንት ትልቅ ለውጥ ያመጣ ሥራ ተሠራ። ቻይናውያን መሐንዲሶችና ሠራተኞች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ አወጡ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ቴዎድሮስ መድፍ የጎተቱበት አቅጣጫ ለእህል፣ ለበሽተኛና ለተማሪ የሚሆን መንገድ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል አስጎብኚ ድርጅቶች ሲበዙ ጎብኚውም ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በዚሁ መንገድ ይሄድ ጀመር። ነገር ግን ጋይንት ለእርሱ ምሳ የሚበላበት፣ ጨጨሆም ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ሥፍራ ከመሆን አላለፉም። የጉዞው ዋጋ የሚከፈለው ለአየር መንገድ፣ ለሆቴልና ለአስጎብኚ ነው። አቧራው ግን ለገበሬው ይተርፋል።

በአንጻሩ አንድ በጎ ምሳሌ ከጋይንት ጎረቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ በመቄት ወረዳ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ፣ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ ለእንግዳ የሚሆኑ ጎጆዎች ሠሩ። ጥቂት ጥቂት እንግዳ በእግሩ እየተጓዘ ከመንደር ወደ መንደር ይሸጋገራል። መንገድ የሚመራው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ጓዙን የሚጭነው የመንደሩ አህያ ነው፤ ምግቡን የሚያዘጋጁት የመንደሩ ሴቶችና ወንዶች ተራ ገብተው ነው። ገቢው በማኅበሩ እጅ ገብቶ አባላቱ ይመክሩበታል። እዚህ ላይ የእንግዳው ምቾት ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎጆው ባለቤት ኪስ ገባ ማለት ነው። ድርጎ የነበረው ወደ ክፍያ፣ ገባር የነበረውም ወደ ባለቤትነት ተለወጠ።

ጎተራውና ጉባኤው

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ዋና ነገር አንድ ነው፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለው ታላቅ የዜማ ሀብት የቆመው በገበሬው ጎተራ ላይ ነው። ጎተራው ሲሞላ አኮፋዳው ይሞላል፤ ጎተራው ባዶ ሲሆን ጉባኤው ይበተናል። የእነዚህ አገሮች መሬት ደግሞ ለዘመናት በመታረሱ፣ በመራቆቱና በጎርፍ በመጠረጉ ብዙ ተጐድቷል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሀብ ይህን አካባቢ ክፉኛ አጥቅቷል። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመርም ላይ ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ነፋስ መውጫና አካባቢዋ የጦርነት ሰለባ ሆነው ሕዝቡ፣ በተለይም ሴቶች፣ ከባድ በደል ደርሶባቸዋል። ጦርነት ባለበት አገር ጎብኚ አይመጣም፤ የመጣውም ይሸሻል። የቆሎ ተማሪም መንገድ ሲዘጋበት ወደ ማስመስከሪያው መድረስ አይችልም።

ስለሆነም አንድ ሰው ስለ አካባቢው ቱሪዝም ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሆቴል መሆን የለበትም። ለእንግዳ የሚሠራው ሥራ ለገበሬው ጎተራ፣ በጎተራውም በኩል ለጉባኤው የሚተርፍ ካልሆነ፣ ጎብኚው የሚያየው ነገር ራሱ በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ዜማው ለካሜራ ተብሎ በቀን ሦስት ጊዜ የሚቀርብ ትርኢት ከሆነ ሌላ ነገር ይሆናል። የዜማው ክብር ያለው ሰሚ ኖረም አልኖረም፣ በሌሊት፣ በብርድ፣ የኔታ እያረሙት ተማሪው በሚደግመው ድምፅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የመወሰን ሥልጣን የመምህራኑና የመንደሩ መሆን ይኖርበታል። ጥንታውያን መጻሕፍትም በቦታቸው ተመዝግበው፣ ግልባጫቸው ለአጥኚ ይዳረስ እንጂ ዋናው ከቤቱ መውጣት የለበትም።

መምህሩ፣ አርቲስቱና ካድሬው በዚህ ረገድ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። መምህሩ የጋይንትን ልጅ ስለ ላሊበላና ስለ አክሱም ሲያስተምር በገዛ ደጁ ስላለው ቤተልሔም፣ ዙር አባና ቆማም ሊያስተምረው ይገባል። አርቲስቱ የያሬድን ዜማ ለመድረክ ሲጠቀምበት ምንጩን በስሙ መጥራት አለበት። በሕዝብ አስተዳደር ላይ ያለው ሰው ደግሞ የጉብኝት ዕቅድ በፊቱ በቀረበ ጊዜ፣ በቀድሞ ዘመን ድርጎ ይወጣበት የነበረውን ቤት አስታውሶ ዋጋው ከማን ጎተራ እንደሚወጣና ትርፉ በማን አኮፋዳ እንደሚገባ መጠየቅ አለበት። ጋይንት እንግዳ መቀበል አዲስ አይሆንባትም። ከእንግዲህ የሚያስፈልጋት በትእዛዝ የሚበላትን እንግዳ ሳይሆን፣ ተምሮ የሚያበዛትን እንግዳ የምትመርጥበት መብት ነው።